የሰናቅ የማዕዘን ድንጋይ

በአርዶም ምድር የጥንታዊቷ የሰናቅ ከተማ ቅጥር በጠራራ ፀሐይ እንደ ሰው አቃስቶ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ንጉሥ አድራዛር የሰበሰባቸው ጠቢባን «ቅጥሩ የተቆጣው መሥራቹ የሰጠውን መልክ ስላጣ ነው» አሉ። ትውልድ በላይ በላዩ የመረገው ጭቃ ተፍቆ እንዲነሳ፣ ነዋሪውም ቅጥሩ እስኪድን ከከተማው እንዲወጣ ታዘዘ። ያንን ግንብ በየዓመቱ እየመረጉ ከዝናብ ያተረፉት እነ ናሆማ ጓዛቸውን ተሸክመው ሜዳ ላይ ወደቁ። ጥበብ ተብሎ የተገኘው እንግዲህ ይኸው ነበር!

ስንጥቁን የሚገጥመው፣ መሥራቹ የተጠቀመበት ዓይነት ሰማያዊ የማዕዘን ድንጋይ የሚገኘው ዘንዶው ጉምዘር በሚጠብቀው በዳቡር ተራራ ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር። ናሆማ በንጉሡ ፊት ተንበርክካ ማለች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ድንጋዩን ሳልይዝ ብመለስ ምድር ትዋጠኝ! ካመጣሁት ግን ሕዝቤ ወደ ቤቱ ይግባ።»

«ቅጥሩ ብቻ ይዳን!» አለ ንጉሡ። እሷ ይህን እንደ ቃል ኪዳን ቆጠረችው።

ታላቅ ወንድሟ ዘርሙን ብቻዋን አልለቃትም አለ። በተራራው ሆድ ሰማያዊውን ድንጋይ ከቦታው ሲነቅሉት ጣሪያው ተንቋቋ፤ ጉምዘርም ነቃ። ዘርሙን ድንጋዩ በነበረበት ክፍተት ትከሻውን ሰጥቶ ጣሪያውን ደገፈ።

«ሂጂ እህቴ! እናታችንን ቤቷ አግቢልኝ!»

ናሆማ ድንጋዩን ይዛ እንደወጣች ተራራው በእሱና በዘንዶው ላይ ተደረመሰ።

ድንጋዩ ማዕዘኑ ላይ ሲያርፍ ስንጥቁ እንደ ቁስል ገጠመ፤ መለከት ተነፋ። ንጉሡም «እነሆ፣ ሰናቅ በተመሠረተችበት ቀን እንደነበረች ሆነች!» ሲል አወጀ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሕዝቤስ?» አለች ናሆማ።

«በዚያን ቀን በውስጧ ማን ይኖር ነበር?» አለ ንጉሡ በእርጋታ። «ማንም። የምድጃችሁ ጢስ ድንጋዩን ያጠቁረዋል። ሰናቅ ከእንግዲህ የምትታይ ከተማ ናት፤ የሚኖርባት የለም።»

ወንድሟን የገበረችው ለዚህ ነበር። ወደ ሜዳው ወረደች።

ናሆማ ብቻዋን ስትመጣ እናቷ ባየቻት ጊዜ ሳትጠይቅ ገባት። ደረቷን እየደቃች ጮኸች፤ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ጓዟን መሸከፍ ጀመረች።

«ተነሽ ልጄ፣ ለእሱስ ሜዳ ላይ አይለቀስለትም። ቤታችን ገብተን እንቀመጥለት።»

የንጉሡን ፍርድ እናቷ ገና አልሰማችም ነበር። እናቷ ጓዟን በጀርባዋ አዝላ ወደ ተዘጋው የከተማ በር ስታዘግም ናሆማ የቀረውን ጓዝ አንስታ ተከተለቻት።