ሁለት ስንዝር የጎደለው በር

እማማ ምላጭ በስብሰባው ላይ እጇን ሦስት ጊዜ አወጣች። ሊቀመንበሩ ሦስት ጊዜ በአናቷ ላይ አሻግሮ እያየ ከኋላዋ ለተቀመጡት ዕድል ሰጠ። በአራተኛው ሳይፈቀድላት ተነሣች።

«ያ ሜዳ የወንዙ ነው» አለች። «ለጊዜው ትቶላችሁ ነው እንጂ አልሰጣችሁም።»

«ይቀመጡ እማማ» አላት ሊቀመንበሩ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ፈገግ ብሎ። «የተማረ ሰው ለክቶታል። ለእርሻም ለቤትም ይሆናል ብሏል።»

ሰው ሳቀ። ባሏን ለዚያ ሜዳ የገበረች ሴት ተቀመጪ ተባለች። ትናንት በመኪና የመጣ ጎረምሳ ግን፣ ሦስት እግር ባለው መነጽሩ አንዴ አጮልቆ ስላየ ታመነ። ምላጭ የሚል ስም ያወጡላት ጎረቤቶቿም አብረው ሳቁ። ሳቃቸውን አልረሳችውም።

ያ ጎረምሳ፣ ቀያሹ፣ በሳምንቱ የተቀደደ ሱሪ ጠቅልሎ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤቷ መጣ። የፊት ክፍሉ የልጅ ልጇ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ሲገባ ግንባሩን ጉበኑ መታው።

«አጎንብስ» አለችው እማማ ምላጭ ከጥግ፣ ክር እየጠቀለለች። «እኔ ቤት አጎንብሶ ነው የሚገባው። ሊቀመንበርህም ቢመጣ ያው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን በጨርቅ ሸፈነች። ቀያሹ ግንባሩን እያሸ አያት፤ ከዚያ ግንባሩን ማሸት ረሳ።

«ኪሴ ተቀዶ ነው» አለ።

«ሜዳ ላይ ምን ቀደደው?» አለች አሮጊቷ። «እሾህ እንኳ የለው።»

ልጅቷ ሱሪውን ተቀበለችው። አንድ ሱሪ ከእጅ ወደ እጅ ለማለፍ ምን ያህል እንደሚፈጅ እማማ ምላጭ ታውቃለች። ይኼኛው ብዙ ፈጀ።

በአራተኛው ቀን ሌላ ኪስ ይዞ መጣ። ከዚያ ቁልፍ። ከዚያ ደግሞ ያው የመጀመሪያው ኪስ። ሲሄድ አሮጊቷ ሱሪውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው።

«ይኼ የተቀደደ አይደለም። በመቀስ የተቆረጠ ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «አውቃለሁ» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትሰፊለታለሽ?»

«ተመልሶ እንዲመጣ።»

እማማ ምላጭ ሱሪውን መልሳ ወረወረችላት። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ሰውም እንደዚያው። በሱሪ የሚዋሽ በመሬት የማይዋሽበት ምን ምክንያት አለ? ደግሞ ሌላ ነገር ይከነክናት ነበር። ሰውዬው ልጅቷን አይቶ ሲያበቃ፣ በሩን ያይ ነበር።

በሩ አሮጌ ነው። ሰማያዊ ቀለም በየዓመቱ ትቀባዋለች፤ በወገብ ሳይሆን በደረት ልክ ግን በሚስማር የተጫረ አንድ መስመር አለ፣ እሱን ቀለም አስነክታው አታውቅም። በወጣትነቷ ከባሏ ጋር ሜዳው ላይ ሲኖሩ የነበራቸው በር ነው። አፈሩ ለም ነበር፤ ዘር ቢወድቅበት ሳይሸፈን ይበቅላል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ጠብታ ሳይዘንብ፣ ላይኛው አገር የዘነበው ዝናብ መጣ። ባሏ ጣራ ላይ አወጣትና ለዘሩ ከረጢት ተመለሰ። ውሃው ሦስት ቀን ቆመ። ሲጎድል በሩ ከነመቃኑ ቆሞ ነበር፤ ባሏ አልነበረም። ጭቃው የደረሰበትን በሚስማር ጫረችው። ጭቃ ይራገፋል፣ ሚስማር የጫረው አይራገፍም። ከዚያ በሩን በጀርባዋ አዝላ ኮረብታ ወጣች።

አንድ ከሰዓት ከገበያ ስትመለስ፣ ቀያሹ በሩ ሥር ተንበርክኮ ሜትሩን ዘርግቷል። ልጅቷ የሜትሩን ጫፍ መስመሩ ላይ ይዛለች።

«ለሬሳ ሣጥን ነው የምትለካው?» አለች እማማ ምላጭ።

«እማማ፣ ይህ መስመር…»

«ውጣ።»

ወጣ። ሲወጣ ጉበኑ ደግሞ መታው፣ ማንም አልሳቀም።

«ሊጠይቅሽ ፈልጎ ነበር አያቴ» አለች ልጅቷ።

«የሚጠይቅ ሰው እኔን ይጠይቃል። አፍ ያለኝ እኔ ነኝ፣ በሩ አይደለም።»

በማግስቱ ምርኩዟን ይዛ ወደ ሜዳው ወረደች። አርባ ዓመት ረግጣው አታውቅም። በየቦታው ቀይ ጫፍ ያለው ችካል ተተክሏል። የቀድሞ ቤቷ የደጃፍ ድንጋይ ሣር ውጦት አገኘችው፤ አጠገቡ ችካል ቆሟል።

«ይኼ የማን ነው?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«የቀያሹ። ሊቀመንበሩ መርቆለት ነው። ለሙሽራ ቤት ነው ይላሉ።»

ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ለልጅቷ ስትነግራት የስፌት መኪናው መርገጫ ቀጥ አለ።

«አልነገረኝም» አለች ልጅቷ። እስኪመሽ አልሰፋችም።

ቀያሹ አሥር ቀን ጠፋ። በአሥራ አንደኛው ባዶ እጁን መጣ፤ አጎንብሶ ገባ።

«ዛሬ ሱሪዬ ደህና ነው» አለ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ቦታ እንደተሰጠህ ለምን አልነገርከኝም?»

ጣቶቹ የሌለ ክር ይፈታሉ።

«ስላፈርኩ» አለ። «ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። በኋላ እማማ በስብሰባው ያሉት እንቅልፍ ነሣኝ። የወንዙ የሙላት መዝገብ ያለው የአሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ እሳቸው የሚሉት ከዚያ በፊት ነው። ልጠይቃቸው መጣሁ፣ አንቺን አየሁ። ከዚያ ወዲህ… መቀሱን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ» አለች፤ ድምጿ ትንሽ ለሰለሰ።

ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣ። የእማማን የደጃፍ ድንጋይ አግኝቷል፤ በሩ ላይ ያለውን የመስመሩን ከፍታ ከድንጋዩ ተነሥቶ ለክቷል፤ በልኬቱ ውሃው እስከ ደረት ነው የደረሰው። የቤቱን ወለል ከዚያ አንድ ስንዝር አስበልጦ በድንጋይ ካብ ላይ ቢያቆመው፣ ውሃው ከሥር ያልፋል። ሜዳው ላይ ቦታ የተሰጣቸውን ሌሎቹንም ሠላሳ ሁለት አባወራዎች እንዲሁ አድርጉ ብሏቸዋል፤ መሠረት መቆፈር ጀምረዋል።

«እዚያ ቤት ውስጥ አብረሽኝ ብትኖሪ…» አለና ተወው። ዓይኑ ጨረሰው።

ልጅቷ ወደ አያቷ ዞረች። ያን አስተያየት እማማ ምላጭ ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ እሷም ለእናቷ አሳይታዋለች። ካልፈቀድሽ አልሄድም ይላል ፊቱ፤ ከሥሩ ግን እሄዳለሁ ይላል።

አሮጊቷ ወረቀቱን አየች፣ ልጁን አየች፣ በሩን አየች። ይህ ልጅ ሌባ አይደለም። ትክክል ለክቷል። ያኔ ውጣ ባትለው ኖሮ ትነግረው የነበረውን ነገር ግን በሩ አልነገረውም። የእሷ ጥርጣሬ የልጅ ልጇን ውሃ ውስጥ ሊያስተኛት ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ለራሷም በአንድ ትንፋሽ ብቻ ነው የተናገረችው።

«መኪናውን አንሺ» አለች።

«የቱን?»

«የምትሰፊበትን። እግሩን አንሺው። አንተም ምን ትገተራለህ፣ ያዝላት።»

ሁለቱ የስፌት መኪናውን አነሡ። ከሥሩ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሯን የምታሳርፍበት ጣውላ ወጣ። በሩን የሚያህል ስፋት አለው። አሮጊቷ በምርኩዟ ገልበጥ አደረገችው፤ በሆዱ ሰማያዊ ቀለም አለ።

«ይኼን ቤት ብቻዬን ነው የሠራሁት። ደጃፉ አጥሮ በሩ አልገባ አለኝ። ከግርጌው ሁለት ስንዝር ቆረጥኩለት።»

ቀያሹ ማንም ሳያዘው በሩን ከማጠፊያው ነቀለ። ልጅቷ ጣውላውን መሬት ላይ በጠርዙ አቆመች፤ በሩን በላዩ ደገፉት። ቀያሹ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ። መስመሩ ከአናቱ በሦስት ጣት አለፈ።

ልጅቷ እጇን መስመሩ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ እጇን አወረደችና የእሱን ትከሻ ያዘች፣ እንዳይሄድ እንደምትከለክል አጥብቃ።

«ካቡ አይበቃም» አለ ቀያሹ። «ቤቱም… ሠላሳ ሁለቱም። ይሆናል ብዬ ፈርሜአለሁ። ብናገር ከሥራዬ ያባርሩኛል።»

«ያባርሩህ» አለች ልጅቷ። «ኮረብታ ላይም ቤት ይሠራል። ወለሉ ግን ደረቅ ይሁን።»

«ጉበኑን ከፍ አድርጌ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ላይ ሳቁ፣ ትንሽ፣ እንባ እንዳለበት ሰው።

እማማ ምላጭ ምርኩዟን ወለሉ ላይ መታች።

«ሳቁን በኋላ ትደርሱበታላችሁ። አንተ፣ በሩን ተሸከም፤ እኔ በጀርባዬ ነው ያወጣሁት፣ አንተ ቁልቁል ማውረድ አያቅትህም። አንቺ ጣውላውን ያዢ። ነገ ጠዋት በሚደረገው ስብሰባ ፊት በሩን አቁመህ ተሳስቻለሁ ትላለህ፤ ተሳስተናል አይደለም፣ ተሳስቻለሁ። ከዚያ በሬን መልሰህ ትገጥማለህ፣ ስለ ልጅቷም ያኔ እንነጋገራለን። ለሊቀመንበርህ ደግሞ ዛሬውኑ ንገረው፤ ነገ እጄን አላወጣም። ከፊት ወንበር ያስቀምጥልኝና እስክጨርስ አፉን ይዝጋ።»