ሳልጨርሳት የመጣችው መኪና

እኔ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ምሳህን በልተህ ነበር?» እያልኩ የምቀልድ ሰው ነበርኩ፣ ይህን የምነግርህ እንድታምነኝ ብዬ ሳይሆን ከየት ተነስቼ የት እንደደረስኩ እንድታውቅልኝ ነው። ጎንደር አውቶ መካኒክ ተምሬ፣ ከዚያ ወዲህ ደባርቅ ላይ አሥራ አንድ ዓመት በሹፍርና ኖሬአለሁ፣ በጋውን ቱሪስት ይዤ ሰሜን ተራሮች ላይ ወዳለው ጨነቅ እወጣለሁ፣ ክረምት ገብቶ ቱሪስቱ ሲጠፋ ደግሞ የሊማሊሞን ገደል እየወረድኩ ለቆላ ከተሞች ዕቃ አደርሳለሁ። ያንን ገደል በጉምም በዝናብም፣ ብቻዬን ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አንድም ነገር አላየሁበትም። የሆነው ሁሉ የሆነው ቤቴ ግቢ ውስጥ፣ በቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የጭስ ቱቦ ነው። ፒክአፔ ባለ ቱርቦ ናት፣ ናፍጣ፣ አሮጌ ግን ልበ ሙሉ፣ ችግሯ ጭነት ይዛ ሊማሊሞን ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከቱርቦው ወደ ድምፅ ማፈኛው፣ ወደ ማርሚታው የሚወርደው ቱቦ ጠባብ ነው፣ በዚያ ላይ ተሰንጥቆ ሁለት ጊዜ አስበይጄዋለሁ። ጎንደር ጋራዥ ያለው ሙላት የሚባል ጓደኛዬ «ይሄን ጠባብ ነገር አውጥተህ ጣልና ሰፊውን ግጠምላት፣ ሌላ መኪና ትሆንልሃለች» ሲለኝ ከረመ፣ እኔም እሺ አልኩት፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ዓይነት ያልሆነ፣ ፍጥነት ለሚወዱ ተብሎ ለብቻው የሚሸጥ፣ ክንድ የሚያህል የሚያብረቀርቅ ቱቦ በአውቶቡስ ላከልኝ። ጋራዥ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ ራሴ መካኒክ ነኝ ብዬ ቤቴ ልገጥመው ወሰንኩ።

ቤታችን ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው፣ ፊት ለፊት የቆርቆሮ በር አለው፣ መኪና በቤቱ ጎን አልፎ ጓሮ ይገባል፣ ጓሮው ላይ ማድ ቤታችን አለ። መኪናዋን ከማድ ቤቱ አጠገብ አቁሜ በክሪክ አነሳኋትና ከሥሯ ጉማጅ እንጨት አስገባሁ፣ ካርቶን ዘርግቼ ተጋደምኩ። ፍልሰታ ነበር፣ ባለቤቴ ዝናሽ ልጃችንን አዝላ ቅዳሴ ሄዳለች። ነሐሴ ላይ የኛን አገር ጉም የማታውቀው ከሆነ እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም፣ ከገደሉ ሥር ይነሳና መንገዱን ይሻገራል፣ አጥሩን ይዘላል፣ መጥቶ ከመኪናው ሥር አብሮህ ይተኛል። እጄ በርዶ ቁልፉ ይሁን ጣቴ አይለይልኝም።

ከቱርቦው አፍ ላይ ያሉት ዳዶዎች ዝገው ከብሎናቸው ጋር አንድ ሆነዋል፣ ናፍጣ እየረጨሁ፣ እያንኳኳሁ፣ አንዱን ስፈታ ሌላው እየተሰበረ እስከ ስምንት ሰዓት አስቸገሩኝ። ዝናሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከመኪናው ሥር ነኝ፣ «አሁንም አልወጣህም?» አለችኝ፣ ምስር ማድ ቤት ጥዳ ልጅቷን ልታስተኛ ወደ ቤት ገባች። በኋላ እንደነገረችኝ ከልጅቷ ጋር ጋደም እንዳለች እሷም አሸለባት።

አሮጌው ቱቦ ወጣ። አዲሱን ደረቴ ላይ ጭኜ፣ በጉልበቴ ደግፌ፣ አፉን ከቱርቦው ጋር ለማጋጠም ስታገል አንድ ብሎን ያዘልኝ፣ አንድ ብቻ፣ ብለቀው ፊቴ ላይ ነው የሚወርደው። በዚህ መሐል ነው ቱቦው ውስጥ ድምፅ የሰማሁት። የታችኛው አፉ ጆሮዬ አጠገብ ነበር፣ ከውስጡ እንደ ንብ ያለ ነገር ይሰማል፣ ነፋስ ነው አልኩ፣ ነፋስ ግን አልነበረም፣ የካርቶኑ ጠርዝ እንኳ አይንቀሳቀስም። ድምፁ እየወፈረ ሄደ፣ ከዚያ ከቱቦው ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከመንገዱም ይሰማኝ ጀመር፣ ከሊማሊሞ በኩል የሚወጣ መኪና ነው።

እመነኝ፣ እኔ የመኪና ድምፅ አውቃለሁ፣ አይሱዙውን፣ አውቶቡሱን፣ የትኛው ሹፌር እንደያዘው ሳይቀር ተኝቼ እለያለሁ። ይሄኛውን ግን ሰምቼው አላውቅም፣ ደረቱ የሰፋ፣ ወፍራም ድምፅ ነው፣ ከላዩ ላይ ቀጭን የቱርቦ ፉጨት አለው። ከሰፈራችን በታች አንዲት ኩርባ አለች፣ ሁሉም ሰው እዚያ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፣ እኔ ብቻ ሦስተኛውን አስጨንቄ አልፌ፣ ከኩርባዋ በኋላ ነው የምቀይረው፣ መጥፎ ልማድ ነው፣ ዝናሽ በሱ ነው የምታውቀኝ። የመጣው መኪናም ሦስተኛውን አስጨንቆ አለፈ፣ ከኩርባዋ በኋላ ቀየረ። ደጃችን ላይ መጥቶ ቆመ። ክላክስ አደረገ፣ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ያ የኔ ነው። ዝናሽ በር እንድትከፍትልኝ የማደርገው እንደዚያ ነው፣ ሌላ ሰው እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። የመጀመሪያ ሐሳቤ ሙላት ሊያሾፍብኝ መጥቷል የሚል ነበር፣ እሱ ግን ከጎንደር፣ በዳባት በኩል ነው የሚመጣው፣ መኪናው የመጣው ከታች፣ ከገደሉ በኩል ነው።

የቤቱ በር ሲከፈት፣ የዝናሽ ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ፣ የቆርቆሮው በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ሳቋን ሰማሁ። ከአንድ ሰው ጋር ታወራለች፣ የወንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይመልስላታል፣ ቃሉ አይሰማኝም፣ ሞተሩ አልጠፋም።

«ዝናሽ! ማን ነው?» ብዬ ጮህኩ። ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ቱቦውን ልለቀው አልቻልኩም፣ ሁለተኛውን ብሎን ለማስያዝ ስታገል ጫማዋ በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ ሲመጣ ሰማሁ፣ ፈጠን ብላ፣ እያንጎራጎረች፣ ወደ ማድ ቤቱ ልትገባ ነው። ከመኪናው ሥር ሆኜ «ማን ነው የመጣው?» አልኳት።

እግሯ ቆመ። የነጠላዋ ጫፍ ጭቃ ላይ ሲወርድ አየሁት፣ ተንበርክካ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አየችኝ፣ እንደዚያ ያለ ፊት ማንም ላይ አይቼ አላውቅም።

«ሞላ?» አለች።

«ወዬ።»

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ አይደለሁ እንዴ?»

«ታዲያ...» አለች፣ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ። ሞተሩ አሁንም ደጅ ላይ ይሰማል።

ቱቦውን ለቀቅኩት፣ ትከሻዬን መታኝ፣ ጠባሳው አሁንም አለ፣ ተንሸራትቼ ወጥቼ ሮጥኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ደጁ ጉም ነው፣ ድምፁ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል እየራቀ ነበር፣ የኋላ መብራት እንኳ አላየሁም። ጭቃውን አየሁ፣ ጠዋት ዝናብ ስለጣለ ጭቃው ለስላሳ ነበር፣ የጎማ መስመር የሚባል ነገር የለም። የዝናሽ ዱካ አለ፣ ሁለቱም እግሮቿ፣ ከበሩ ሦስት እርምጃ ወጣ ብሎ ደግሞ የግራ እግሯ ብቻ፣ ጠልቆ፣ ቀኙ የለም። አንድ ሰው አንድ እግሩን አንስቶ የሆነ ነገር ላይ ሲያሳርፍ እንደሚሆነው።

ቤት አስገብቼ ጋቢ አለበስኳት።

«ሠርተህ ጨርሰህ ልትሞክራት ወጥተህ የተመለስክ መሰለኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «ግባ ስልህ እምቢ አልክ። ነይ ውጪ፣ ድምፁን ስሚው፣ እስከ ገደሉ አፋፍ ደርሰን እንመለሳለን አልከኝ። ልወጣ ነበር እኮ ሞላ፣ እግሬን አንስቼ ነበር። ምስሩ እንዳያርብኝ ላውርደውና ልምጣ ብዬህ ነው የተመለስኩት።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ተኝታለች አልኩህ። ተያት፣ ትተኛ አልከኝ።»

«ፊቱን አይተሽዋል?»

«አንተን አላውቅህም እንዴ?» አለች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። «ብቻ ደክሞህ ነበር። ልብስህ ረጥቧል። በጣም ደክሞህ ነበር።»

ልብ አድርግልኝ፣ ስለዚያ ሰው ስታወራ «እሱ» አላለችም፣ «አንተ» ነበር ያለችኝ፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ናት።

እንግዲህ ሰው ግትር ነው፣ እኔ በተለይ። በማግስቱ ጠዋት አንድ የሚያውቀን ሰው አሹፎብናል፣ እሷም ከእንቅልፏ ተነስታ በጉም ውስጥ ተምታቶባታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ የጎማ ዱካ አለመኖሩን ግን እንዳላስበው ሥራ ያዝኩ። ቱቦውን ገጠምኩት፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ መኪናዋን ከእንጨቱ ላይ አውርጄ ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳች። ነዳጅ ሰጠኋት።

ደረቱ የሰፋ፣ ወፍራም ድምፅ፣ ከላዩ ላይ ቀጭን ፉጨት።

እግሬ ከነዳጁ ላይ አልነሳ አለኝ። ከዚያ ቀን በፊት ያ ድምፅ በዓለም ላይ አልነበረም እኮ፣ ትናንት ሲሰማ ቱቦው በእጄ ላይ ነበር፣ መኪናዋ አሮጌው ቱቦዋ ወጥቶ እንጨት ላይ ተቀምጣ ነበር። ዝናሽ ልጅቷን ታቅፋ ከቤት ወጣች፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ «አጥፋው» አለች፣ አልጮኸችም፣ «አጥፋው በእመቤቴ።»

ከሰዓት የንስሐ አባታችን መጡ፣ ጠበል ረጩ፣ የምንላቸውን ሁሉ ሰሙ። እኔ ሰይጣን ነው ይሉናል ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ግባ ስትይው እምቢ አለ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አባ።»

«ሊገባ አልፈለገም፣ ሊያስወጣሽ ነው የፈለገው።»

«ምን ማለት ነው አባ?» አልኳቸው። «ክፉ ነገር ነው ይላሉ?»

«እንጃ ልጄ» አሉኝ። «እኔ የማውቀው ሙት ሲሆን ጸሎተ ፍትሐት አለው፣ ርኩስ መንፈስ ሲሆን ጠበል አለው። ገና ላልሆነ ነገር ምን እንደሚደገም አልተማርኩም።» ይህን ብለው መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ።

በዚያው ቀን ቱቦውን ፈታሁት። አሮጌውን ለሦስተኛ ጊዜ አስበይጄ መለስኩት። ሙላት ደውሎ «እንዴት ሆነች? ሌላ መኪና አልሆነችልህም?» ሲለኝ አልገጥም አለ ብዬ ዋሸሁት። አዲሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ለአንድ ዳባት ላለ ብረት ቀጥቃጭ ሰጠሁት፣ ቆራርጦ ለምን እንዳዋለው አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ክላክስ አላደርግም፣ ከመኪናዬ ወርጄ በሩን በራሴ ቁልፍ ነው የምከፍተው፣ ዝናሽም ለማንም ተነስታ አትከፍትም፣ ዘመድ ሲመጣ በስልክ አረጋግጠን ነው የምናስገባው፣ ጎረቤት ኮርታለች ይላል፣ ይበል። ሊማሊሞን አሁንም እወርዳለሁ፣ ምን ልብላ፣ እንጀራዬ እዚያ ነው። ብቻ ጉም ሲሆን አልሄድም። አምሽቼ ስመለስ የማየው የዝናሽ ፊት አለ፣ እሱ ይበቃኛል።

አልፏል ብለን ነበር። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ ገና ዓይን ለዓይን በሚያስተያይበት ሰዓት፣ እራት ቀርቦ ሦስታችንም ገበታ ላይ ነን፣ ልጅቷ አሁን አፍ ፈትታለች፣ የምታወራው አያልቅባትም። መኪናዬ ጓሮ ቆማለች። ያው ወፍራም ድምፅ ከታች መጣ። እኔና ዝናሽ እኩል ነው ጉርሻችን እጃችን ላይ የቀረው። ኩርባዋን በሦስተኛ አለፈ፣ ቀየረ፣ ደጃችን ላይ ቆመ፣ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ልጅቷ ብድግ አለች። «አባዬ መጣ!»

እናቷ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። እኔ «አባዬ እዚህ ነው የኔ ልጅ» አልኳት፣ ዞራ አየችኝ፣ ደህና አድርጋ አየችኝ፣ ከዚያ እንደገና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ክላክሱ አንድ ጊዜ ተደገመ፣ እንደ መለመን ነገር፣ ቀስ ብሎ። ማናችንም አልተነሳንም። ሞተሩ ብዙ ቆየ፣ ምን ያህል እንደሆነ ልነግርህ አልችልም፣ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ድምፁ ቁልቁል መራቅ ጀመረ፣ እኔም አይዞሽ ልላት ወደ ዝናሽ ዞርኩ።

ዝናሽ በሩን እያየች ነበር፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ የፍርሃት እንባ ግን አልነበረም።

«በዚህ ብርድ፣ እንደረጠብክ» አለች ቀስ ብላ፣ ለእኔ አልነበረም።