ከጀሞ የተሰረቀው መንገድ

«መንገድ ተሰርቆብኝ ነው።»

ተረኛው ፖሊስ ሳቀ። «የትኛው መንገድ እህቴ?»

«ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየሙ ፊት ለፊት የተነጠፈው።»

«ጠዋት በሱ ላይ አልፌ ነው የመጣሁት!»

«ያለፉበት የኔ አይደለም» አለች ሌንሳ ፍርጥም ብላ።

ከጥጉ ጠረጴዛ ኢንስፔክተር ቀመሪያ ቀና አለች። «ነይ፣ ቁጭ በይና ንገሪኝ።»

ሌንሳ መሐንዲስ ናት። ሬንጅ ውስጥ የድስት መፈግፈጊያ የመሰለ ቀጭን የብረት ክር ቀላቅላ፣ ስንጥቁን ራሱ የሚጠግን አስፋልት ሠርታለች። ማሞቂያ ማሽን በላዩ ሲያልፍ ክሩ ይግላል፤ ሬንጁ ይቀልጣል፤ ስንጥቁ ይገጥማል። ትናንት አለቆቿ ባሉበት ለሙከራ ሰነጠቁት። ማሽኑ አለፈ። ስንጥቁ እንዳፈጠጠ ቀረ።

ሰዉ ተሳሳቀ። አለቃዋ «ከሽፏል ብለሽ ፈርሚ» አላት። ባልደረባዋ ኖላዊ ትከሻዋን ይዞ «ፈርሚና ይውጣልሽ» እያለ አጽናናት።

አልፈረመችም። ሰዉ ሲበተን ማግኔት አምጥታ አስፋልቱ ላይ አሳረፈች። ማግኔቱ አልያዘም። ውስጡ አንዲትም የብረት ክር የለችም።

«በመክሸፉ ማን ይጠቀማል?» አለች ቀመሪያ።

«ያነጠፈው ተቋራጭ፣ ፍሮምሳ። እንጀራው በየክረምቱ ጉድጓድ መድፈን ነው።»

ፍሮምሳን መካኒሳ አቦ አገኙት። ጉድጓድ እያስደፈነ ነበር።

«መንገድ ራሱን ከጠገነ ሥራ ትፈታለህ» አለችው ቀመሪያ።

«እፈታለሁ። መክሸፉም ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።»

«ስለዚህ ቀየርከው?»

«እኔ ያመጡልኝን ነው ያነጠፍኩት! አስፋልቱ ከሚቀላቀልበት ፋብሪካ ያስጫነው ኖላዊ ነው። ሁለት ገልባጭ መኪና ነበር። አንዱ ወደኔ መጣ፤ አንዱ ወደ ፉሪ ታጠፈ።»

ሌንሳ ክው አለች። «ይዋሻል! ኖላዊ ከጅምሩ አብሮኝ የለፋ ልጅ ነው።»

«ሄደን እናያለን» አለች ቀመሪያ።

ወደ ፉሪ የታጠፈው ገልባጭ ሾፌር ሲጠየቅ ሳያንገራግር ፉሪ ወዳለ መጋዘን መራቸው። ግቢው አዲስ አስፋልት ለብሷል። ሌንሳ ተንበርክካ ማግኔቷን አስጠጋች። ልጥፍ አለ።

የግቢው ጥበቃ በኩራት «የኢንጂነር ኖላዊ ፈጠራ ነው» አላቸው። «የሚገዙት እንግዶች ሊያዩት ይመጣሉ።»

ኖላዊ ጣቢያ ሲቀርብ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ቀመሪያ ሾፌሩን አስገባችበት። ኖላዊ አንገቱን ደፋ።

«ለምን?» አለችው ሌንሳ።

«እኩል ለፍተን ስሙ ያንቺ ብቻ ሆነ። ያንቺ ከሽፏል ከተባለ በኋላ የኔ ብዬ ላወጣው ነበር።»

«ስምህ እንዲጻፍ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

ኖላዊ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጉድጓዱን ቆፍረህ ስታበቃ ነው ያጽናናኸኝ!»

ወሬው የደረሰው አለቃዋ እያለከለከ ገባ። «ሌንሳ፣ የመሥሪያ ቤታችን ስም ይጎድፋል። ነገሩ በሽማግሌ ይጨረስ።»

«ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ አነጋግረዋለሁ። ለሌባ ፖሊስ ይበቃል።»

«ኋላ ለሥራሽም አስቢ!»

«እያሰብኩለት ነው። ጀሞ ያለውን ያስነሱልኝ፤ እዚያው ቦታ፣ በጠራራ ፀሐይ ደግሜ አነጥፋለሁ። ገልባጩ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

አለቃዋ ስልኩን አወጣ፤ የሚደውልለት ሰው ጠፋውና መልሶ ኪሱ ከተተው። ሌንሳ ወንበሯን ወደ ቀመሪያ ሳበች።

«ቃሌን ይጻፉልኝ» አለች።