አያ ባምላክን ማን ይጠብቅ

አያ ባምላክ ቢታመሙማ ለልጃቸው ለታይቱ በቀለላት ነበር። የታመመ ሰው ሲፈልጉት አልጋው ላይ ይገኛል። እርሳቸው ግን፣ ሰባን ካለፉ ስንት ዘመናቸው፣ ገና ጎህ ሲቀድ ዱላቸውን ይዘው ውልቅ ነው። አንዴ ሩዝ ማሳው ውስጥ ናቸው፣ አንዴ ወረታ ገበያ፣ አንዴ የተጣላ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ይገኛሉ። ባለፈው ክረምት ሜዳው በጎርፍ ሲሞላ ጥጃ ላውጣ ብለው ገቡ፤ ጥጃዋ በራሷ ወጣች፣ እርሳቸውን ጎረቤት ጎትቶ አወጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ታይቱ ከቤቷ ርቃ አድራ አታውቅም። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቃ ሁለቱንም ጊዜ «አባቴን ለማን ጥዬ?» ብላ መልሳለች። አሁን ግን ባሕር ዳር ያለችው ታናሽ እህቷ መሠረት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። እናታቸው በሕይወት የለችም። ታይቱ ካልደረሰችላት ማን ይደርስላታል?

አክስቷ ይርገዱ ለሙከራ አንድ ቀን ከአያ ባምላክ ጋር ዋለች። ሲመሽ እግሯን እያሸች «ሰው ጠብቂ አልሽኝ እንጂ ነፋስ ጠብቂ መች አልሽኝ!» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ታይቱ በዚህ ጭንቀት ደጅ ቆማ ሳለ ነው ያንን ጉድ ያየችው። አባቷ በመንገዱ ዳር በእግራቸው ይመጣሉ፤ ከጎናቸው አንድ ባጃጅ እንደ ኤሊ ይጎተታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው ሾፌሩን።

«ከመገንጠያው ጀምሮ ይሳፈሩ ብዬ ብለምናቸው እምቢ አሉኝ። በዚህ ፀሐይ ጥያቸው ብሄድ ደግሞ አላስችል አለኝ።»

«ስለዚህ እስከዚህ አብረሃቸው ተጎተትክ?»

«ወሬያቸው ይጣፍጣል» አለና ሳቀ።

ስሙ ሰውመሆን ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ ወረታ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ነው። ታይቱ ዓይኑን አየችው፤ አየችውና ቶሎ ወደ መሬት አቀረቀረች።

በሳምንቱ ከገበያ ሲያሳፍራት ጭንቀቷን ነገረችው።

«እኔ እሆንላቸዋለሁ» አለ ወዲያው። «ቀን ቀን የሚሄዱበት አደርሳቸዋለሁ፤ ማታ እዚያው አድራለሁ። አንቺ ብቻ እህትሽን አርሰሽ ነይ።»

ለአባቷ ስትነግራቸው ቤቱ ተናወጠ።

«እኔ ጥጃ ነኝ የምጠበቀው?»

«አባዬ፣ እርስዎማ ደህና ነዎት። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። እዚያ ሆኜ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለእኔ ሲሉ።»

አያ ባምላክ ልጃቸውን አዩዋት። ፊቷ ከስቷል። «ይምጣ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልንገርሽ፣ እሱ እኔን አይጠብቅም፤ እኔ ነኝ እሱን የማሠራው።»

እንዲህ ሆኖ ታይቱ ባሕር ዳር ወረደች። ማታ ማታ ስልኳ ይጮሃል፤ ሰውመሆን ነው።

«ዛሬስ የት ዋሉ?»

«ጣራ ገዳም።»

«ወይኔ! ያንን ዳገት?»

«ባጃጁን ታች አቁሜ ተከተልኳቸው። እኔ ገና ሳልደርስ እሳቸው ተሳልመው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኘን።»

ታይቱ አራሷን እንዳትቀሰቅስ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ስንት ዘመኗ! ቀስ በቀስ ወሬው ከአባቷ አልፎ ወደ ሌላ ሌላው ሄደ። ወሬው ቢያልቅም ስልኩን የሚዘጋው የለም። ወደደችው። ለማንም ሳትናገር፣ ለራሷም እየፈራች ወደደችው። እርሱም የሚላት ነገር ያለ ይመስላትና፣ ነገ ይለኛል እያለች ታድራለች።

መሠረት ጠንክራ ታይቱ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ሰውመሆን ልብሱን ሰብስቦ ኪራይ ቤቱ ገብቷል።

«ያ ልጅ ጨዋ ነው» አሏት አባቷ ገና እንደሳሟት። «ዘመድ የለኝም፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ ብሎ ለመነኝ። የማንም ልጅ ትሁን፣ በሥላሴ ስም እሄድልሃለሁ አልኩት። እሑድ ነው።»

«ማንን ሊያገባ ነው?»

«እሱንማ አፍሮ አልነገረኝም።»

የልጅቷን የገዛ አባት ሽማግሌ አድርጎ የሚልክ በየት አገር አለ? እንግዲያ ሌላ ናት። ታይቱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። «ምን ቀላል አደረገኝ!» አለች። «ስለ አባቴ ቢነግረኝ የወደደኝ መሰለኝ።»

እሑድ ጧት ሰውመሆን ከሌሎቹ ሽማግሌዎች፣ ከቄስ ኪዳነ ማርያምና ከጎረቤታቸው ከአንለይ ጋር መጣ። አያ ባምላክ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሡ።

«በል ሰውመሆን፣ ወዴት ነው የምንሄደው?»

ልጁን ላብ አጠመቀው። «እዚሁ ነው» አለ።

«እዚሁ የት?»

«ታይቱን ነው። አስቀድሜ ልነግርዎ ብዬ አፌ ተያዘ። ከእርስዎ ሌላ የምልከው አባት የለኝም።»

ታይቱ ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

«አደራ ተቀብለህ፣ ቤቴ እያደርክ?» አያ ባምላክ በዱላቸው መሬቱን መቱት።

«አደራዎን አልነካሁም። ለእሷም ቢሆን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።»

«አያ ባምላክ» አሉ ቄሱ ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «በሥላሴ ስም ቃል ገብተዋል እኮ።»

አያ ባምላክ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ሰውመሆንን እዚያው ትተው ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትለው ከገዛ ግቢያቸው ወጡ። የግቢውን በር ከውጭ ዘግተው አንኳኩ።

ታይቱ ከፈተች።

«የቤቱ ጌታ አሉ?»

«ኧረ አባዬ!»

«አሉ ወይ ነው የምልሽ።»

«የሉም... ወጥተዋል።»

«እንግዲያ ላንቺው እንናገራለን። ሰውመሆን የሚባል ልጅ አለን፤ ለትዳር ይፈልግሻል።»

ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ሦስቱም ደጅ ላይ እንደቆሙ ናቸው። ታይቱ እንባዋ መጣ።

«እኔም እወደዋለሁ። ግን አባቴን ማን ይጠብቅልኛል?»

አያ ባምላክ ዱላቸውን ተደገፉ።

«አባትሽን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጠባቂ አያሻኝም እያለ ሜዳ ለሜዳ የሚዞረው፣ ልጄ በእኔ ምክንያት ሳታገባ ትቀራለች ብሎ ፈርቶ ነው። እንጂ ደክሞታል። ሁለታችሁም ከእሱው ጋር ብትኖሩለት እምቢ የሚል አይመስለኝም።»

ታይቱ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ይግቡ አባዬ» አለች እያለቀሰች። «ሁላችሁም ግቡ፣ ተቀመጡ።»

አያ ባምላክ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ። ሰውመሆን እግቢው መሐል እንደተተከለ ነው።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ምን ይገትርሃል? ና ጫማዬን አውልቅልኝ።»