የአምበሏ ኮዳ

ጩኸቱ የመጣው እትዬ ሸሪፋ የምሳውን ሩዝ ከእሳት ስታወርድ ነው። ጭልፋዋን እንደያዘች ሮጣ ጂምናዚየሙ ውስጥ ስትገባ፣ ፈትሂያ ከተመልካቾች መቀመጫ ደረጃ ሥር በጀርባዋ ተዘርራለች። ከጭንቅላቷ ሥር ደም ፈሷል። ከእጇ አጠገብ ጥቁር ኮዳዋ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ባዶውን ወድቋል። ደረጃው ረጥቧል።

«አዳልጧት ነው» አለ አንድ ሰው።

ሸሪፋ ጭልፋውን ጣለችና ተንበረከከች።

«ወይኔ ልጄን! እኔ ነኝ የገደልኳት!»

ልጆቹ ግራና ቀኝ ይዘው አነሷት። ሐዘን ያናገራት መሰላቸው። እሷ ግን ከልቧ ነበር።

ፈትሂያ የሴቶች ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል ነበረች። ይህ ቡድን በምሥራቅ አፍሪካ የሚቋቋመው ጠፍቷል። ዋንጫ በዋንጫ ላይ ሲደርብ ኖሮ፣ የመጨረሻውንም በረመዳን ሰው አገር ተጫውቶ ይዞ ገብቷል። አሁን ለአፍሪካ ዋንጫ ሊሄድ ነው። ውድድሩ በሞቃት የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለሚደረግ፣ ደሴ ይበርዳል ተብሎ ኮምቦልቻ ካምፕ ገቡ። ጉዞው ነገ ነው። ሸሪፋ የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ለልጆቹ ግን እናታቸው ነበረች። ፈትሂያማ «እትዬ» ማለቱንም ትታ «እማ» ነበር የምትላት።

ከደሴ የተላከችው መርማሪ ኢንስፔክተር እየሩስ ትባላለች። ቀጠን ያለች፣ ሰው ሲያወራ ዓይኗን ከፊቱ የማትነቅል ሴት ናት። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ከመጫኑ በፊት የፈትሂያን ጫማ አገላብጣ ሶሉን በመዳፏ ዳሰሰች። ከዚያ የራሷን ጫማ አወለቀችና በካልሲ ደረጃውን ወጣች። እግሯን ባነሳች ቁጥር ካልሲው ከሲሚንቶው ጋር እየተጣበቀ ይላቀቃል።

«ዝንቦቹ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል» አለች፣ የጠቆሩትን ደረጃዎች እያየች።

በእረፍቱ ሰዓት ልጆቹ ሁሉ ውጭ ዛፍ ሥር ተጋድመው ነበር። ወደ ጂምናዚየሙ ሲገቡ የታዩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ አሰልጣኙ ብሩ፣ ምክትል አምበሏ ነፃነትና የቡድኑ ሐኪም ስማቸው። ኢንስፔክተሯ ምግብ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው። ሸሪፋ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ሁሉንም ትሰማለች።

«ከሟች ጋር ጠዋት ተጣልታችኋል አሉ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ተቆጥቻታለሁ» አለ ብሩ በሻከረ ድምፁ። «ሰሞኑን ሩጫዋ ወርዶ ነበር። አምበል ሆና ከኋላ! ከዚያ በኋላ እዚያው ጂምናዚየሙ ውስጥ ካለው ቢሮዬ ገብቼ ስልክ ላይ ነበርኩ።»

«ምን እየጠጡ?»

«እኔ?» ግራ ተጋባ። «የዝንጅብል ሻይ፣ ከፔርሙዜ። ያለ ስኳር። ስኳር በሽታ አለብኝ።»

ነፃነት ስትገባ ዓይኗ አብጧል።

«አምበልነቱ አሁን ላንቺ ይደርሳል፤ አይደለም?»

«ለጠላቴ ይድረሰው!»

«አንድ ክፍል ነው የምታድሩት። ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ። እሷ ካልሲዬን ትሰርቀኛለች፣ እኔ ሻምፖዋን እጨርስባታለሁ።» ልትስቅ ሞከረችና አለቀሰች። «ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ትነሳ ነበር። የት ነው ስላት ‹ሽንት ቤት› ትለኛለች። ስትመለስ ግን አፏ ቴምር ቴምር ይላል።»

መስኮቱ ጋ የሸሪፋ ቢላ ቆመ። ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ልጅቷ ተመለሰች።

«በእረፍቱ የት ነበርሽ?»

«ተራዬ ስለነበር ጭማቂ እንድትሞላልን የሁላችንንም ኮዳ ሰብስቤ ለእትዬ ሸሪፋ አመጣሁላት። ጩኸቱን እስክንሰማ አብሬያት ሽንኩርት ስልጥ ነበር። ፈትሂያ ብቻ ‹የኔ ይቆይ› ብላ ከለከለችኝ።»

ሐኪሙ ስማቸው የኪኒን ሳጥኑንና ኪኒን የሚያስውጥበትን ኮዳ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ ንጹሕ ነጭ ቲሸርቱን አስተካክሎ ተቀመጠ። ከሁሉም የረጋው እሱ ነው።

«በሕይወት ያየኋት የመጨረሻው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የዕለቱን ቫይታሚን ሰጠኋት፤ ፊቴ ዋጠችና ከኮዳዋ ተጎነጨችበት። ‹ዶክተር፣ ይሄ የእትዬ ሸሪፋ ጭማቂ ጥርስ ሊያረግፍ ነው› ብላ ሳቀችብኝ። ትቻት ወጣሁ። እንግዲህ ጭማቂው ከእጇ አምልጦ ፈሶ ይሆናል። እትዬ ሸሪፋ ስኳሩን ስታበዛው ያዳልጣል፤ ስንቴ ነግሬያታለሁ።»

መስኮቱ ጋ የሸሪፋ ቢላ እንደገና ቆመ። ሰውየው የሚለው ሊሆን አይችልም። እንደማይችል ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። አፏን ልትከፍት አሰበችና መልሳ ገጠመችው። ከተናገረች የራሷ ጉድ ይወጣል። ልጅቷን በጉያዋ ይዛ የገደለች ሴት ትባላለች። ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች፤ ዕንባዋን በእሱ አሳበበች።

ኢንስፔክተር እየሩስ ወጥ ቤቱ ገብታ በሩን ዘጋች።

«እትዬ ሸሪፋ፣ ቴምሩን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

ሸሪፋ ከሽንኩርቱ ቀና አላለችም።

«‹እኔ ነኝ የገደልኳት› ብለው ጮኸዋል አሉ። ሰው በሐዘን ብዙ ይላል። እርስዎ ግን ከዚያ ወዲህ ማንንም ቀና ብለው አላዩም።»

«ልጄ፣ እሰሪኝ» አለች ሸሪፋ፤ የሩዙ ከረጢት ላይ ዘፍ ብላ። «ያመለጣትን ጾም፣ ቀዷ እያወጣች ነበር።»

«የረመዳኑን?»

«አዎ። ያኔ በውድድሩ መንገደኛ ስለነበሩ አፍጥረው ነው የተጫወቱት። ‹ዕዳዬን ሳልከፍል ሌላ አገር አልሄድም› አለች። ብሩ ደግሞ በካምፑ ውስጥ ጾም የሚባል የለም ብሏል፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም። ከነቃባት ከቡድኑ ያስወጣታል። እናም ሌሊት እየተነሳሁ ስሁር አበላት ነበር። ‹ለማንም እንዳትነግሪ፣ ወላሂ በይ› አለችኝ። ማልኩላት። በዚህ ሙቀት፣ በባዶ ሆዷ ያን ሁሉ ሩጫ! አዙሯት ነው የወደቀችው። እምቢ ብላት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች።»

«ኮዳዋ ውስጥ ምን ነበር?»

«ውሃ።»

«ጭማቂ አይደለም?»

«ምን ያደርግላታል? የምትጉመጠመጥበትና ከሶላት በፊት ለዉዱእ የምትታጠብበት ባዶ ውሃ ነው። እኔው ነኝ የሞላሁላት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሸሪፋ ጎንበስ አለች።

«ጾሙ አልገደላትም» አለች። «የእርስዎ ዝምታ ግን ገዳዩን ሊያስመልጠው ነበር። ነገ ጠዋት ይህንኑ በሁሉም ፊት ይደግሙልኛል።»

«እናቷ ከሐርቡ እየመጣች ነው። በእሷ ፊት?»

«በእሷ ፊት።»

በማግስቱ አውቶቡሱ ሻንጣ ተጭኖ በር ላይ ቆሟል። ሁሉም ጂምናዚየሙ ውስጥ ተሰበሰቡ። የፈትሂያ እናት ወይዘሮ ሉባባ አስከሬኑን ልትረከብ መጥታ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ አታለቅስም፣ አትናገርም።

«ከጫማው ልጀምር» አለች ኢንስፔክተር እየሩስ። «በፈሰሰ ነገር አዳልጦት የወደቀ ሰው ሶሉ ይረጥባል። የፈትሂያ ደረቅ ነበር። ስለዚህ ደረጃው የረጠበው ከወደቀች በኋላ ነው። አንድ ሰው አፍስሶበታል። የፈሰሰው ደግሞ ጣፋጭ ነው፤ ካልሲዬ ምስክር ነው። እትዬ ሸሪፋ፣ በፈትሂያ ኮዳ ውስጥ ምን ነበር?»

ሸሪፋ ተነሳች። ወደ ሉባባ ልታይ አልቻለችም፤ ቅርጫቱን የተሸከመውን ብረት እያየች ተናገረች። ስለ ቀዷው፣ ስለ ስሁሩ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ውሃው። ልጆቹ ተንሾካሾኩ።

«ጾም? በእኔ ካምፕ?» አለ ብሩ ከወንበሩ ተነስቶ።

«የእርስዎ ክልከላ ነው በድብቅ ያስጾማት። ይቀመጡ» አለችው ኢንስፔክተሯ። «እንግዲህ በዚያ ሰዓት እዚህ ውስጥ ጭማቂ የነበረው ማነው? የልጆቹን ኮዳ ነፃነት ሰብስባ ወስዳለች፤ ጩኸቱ ሲመጣም ወጥ ቤት ነበረች። አሰልጣኙ ስኳር አይቀምሱም። ኪኒን የሚያስውጥበት ጭማቂ ይዞ የሚዞር ግን አንድ ሰው አለ።»

ስማቸው ሳቅ አለ። «ኮዳ መያዝም ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ‹ፈትሂያ ፊቴ ኪኒን ውጣ ጭማቂ ጠጣች› ማለትዎ ነው ያስያዘዎት። ጾመኛ ነበረች። ስለ ጥርስ የቀለደችውን ቀልድም እርስዎ ነዎት የፈጠሩላት።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ሻንጣዋ ውስጥ ካለው ሻርፕ ጫፍ ላይ ኪኒኖች ተቋጥረው አገኘሁ። ሲሰጧት እየተቀበለች፣ ሳትውጥ ያስቀመጠቻቸው ናቸው። ትናንት ደሴ አስመረመርኳቸው። ቫይታሚን አይደሉም። ልብን እያስጋለበ ድካምን የሚያስረሳ፣ በውድድር የተከለከለ መድኃኒት ነው።»

ነፃነት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ለዚህ ነው እንዴ ሌሊት ልቤ የሚመታው?»

«ፈትሂያ በጾሙ ምክንያት መዋጥ ስታቆም ሩጫዋ ወረደ፤ ልቧ ግን ረጋ። ያኔ ገባት። ትናንት ዙህር ልትሰግድ ብቻዋን እዚህ በቀረችበት ሰዓት ኪኒኑን ይዘውላት መጡ። የደረሰችበትን ነገረችዎት። ክንዷ ላይ የጣቶች ምልክት አለ፤ የሆስፒታሉ ሐኪሞች አይተውታል።»

«አልገፋኋትም!» አለ ስማቸው። «‹ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ› አለችኝ። ነገ ልንሄድ! ቆይ እስክንመለስ ብዬ ለመንኳት። ክንዷን ነው የያዝኩት። መንጭቃ ስታስለቅቀኝ ወደ ኋላ ሄደች።»

«ከዚያ ሰው ጠሩ?»

ስማቸው ወደ በሩ አየ።

«አልጠሩም። ኮዳዋን አንስተው ሊያፈሱ ሲሉ ባዶ ሆነብዎት፤ ዉዱእ አድርጋበት ነበር። አዳልጧት እንዲመስል የራስዎን አፈሰሱና ወጡ። ሐኪም ነዎት፤ ሲወርዱ በአጠገቧ አልፈዋል። ትተነፍስ ነበር?»

ስማቸው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው አልነበረም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ብሩ መሬት መሬቱን ያያል።

«ኮች፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለች ነፃነት።

«አላውቅም።» ቆየና «አልጠየቅኩም» አለ። «ስታሸንፉ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«ይሄ ከደማችን ሳይወጣ የትም አንሄድም። ሻንጣ አውርዱ» አለች ነፃነት ወደ ጓደኞቿ ዞራ። አንዷ ያለፉት ዋንጫዎችስ ምን ሊሆኑ ነው ብላ ጠየቀች። ነፃነት ቀድማ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ልጆቹ ሲወጡ ሸሪፋ ወደ ሉባባ ቀርባ ተንበረከከች።

«ዐውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ትናንት ዝም ያልኩት ለራሴ ፈርቼ ነው።»

ሉባባ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«ስሁር ምን አበላሻት?»

«ገንፎ፣ ቴምርና ወተት።»

«ጠገበች?»

«ወላሂ ጠግባለች።»

ሉባባ ራሷን ነቀነቀች። ዕንባዋ ያኔ መጣ።

«ቀዷዋ ስንት ቀርቷታል?»

«ሁለት።»

«አንዱን እኔ እጾምላታለሁ» አለች ሉባባ፤ የሸሪፋን እጅ ይዛ ከወለሉ አነሳቻት። «ሌላውን አንቺ ጹሚላት። ስሁርሽን ግን ተደብቀሽ አትብዪ።»