እምቢ እና የፎጣው ሳጥን

እምቢ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ በላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አሥራ ሰባት ደረጃ። ደረጃውን ስትወርድ በእግሯ አትወርድም፤ በዝላይ ነው።

እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። ግን ልጆች፣ ይህች ልጅ አፏን የፈታችው በምን ቃል መሰላችሁ? "እማ" አላለችም። "አባ" አላለችም። ማንኪያ ወደ አፏ ሲያስጠጉላት "እምቢ!" አለች። በቃ፣ እምቢ ተብላ ቀረች።

ጫማሽን አጥልቂ። እምቢ። ውጭ ብርድ ነው። እምቢ፣ አይበርደኝም። ጥርሷ እየተንገጫገጨ አይበርደኝም።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?" ትላታለች እናቷ ሲመርራት።

"ያንቺ።"

"ችግሩ እሱ አይደል!"

*

በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ነጭ የብረት ሳጥን አለ። ሆዱ ውስጥ ሁለት ጥቅል አለ፤ ከላይ ንጹሕ ፎጣ፣ ከታች ያደፈው። ሁለቱ ግን አንድ ረጅም ጨርቅ ናቸው። መሃሉ ከሳጥኑ ውጭ እንደ ዥዋዥዌ ገመድ ተንጠልጥሏል።

እጃችሁን ታጥባችሁ ወደ ታች ትስባላችሁ። አንድ ክንድ ንጹሕ ፎጣ ይወጣል። በዚያው ልክ ያደፈው ከኋላ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ከዚያ ሳጥኑ "ቀጭ!" ይላል። ይቆለፋል። አሥር እስኪቆጠር ለማንም አይለቅም፤ ለአዳራሹ አስተዳዳሪም ቢሆን። አንዱ ጎትቶ እንዳይጨርሰው፣ ለሁሉም እንዲዳረስ ነው።

እምቢ ይህን ቀጭ ጠላችው። "ቆይ" የሚላትን ሰው አትወድም። ቆይ የሚል ብረት ደግሞ ባሰባት።

ልጆቹ ስለ ሳጥኑ አንድ እምነት ነበራቸው። የዋጠውን እንደ ዋጠ የሚቀር ይመስላቸው ነበር። ቀለም ትጠርግበታለህ፣ ትስባለህ፣ ይገባል፣ አለቀ። አፍንጫቸውን የጠረጉበትም አሉ። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

*

እሑድ ነበር፤ የሥዕል ቀን። የሁሉም እጅ ሐምራዊ ሆኗል።

መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ እምቢ እጇን ትታጠባለች። መንትዮቹም አሉ። መንትዮቹ እንዲህ ናቸው፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል።

"አንቺ ሁሉን እምቢ የምትይ..." አለ አንዱ።

"...ሳጥኑ ሲቆልፍብሽ ለምን ዝም ትያለሽ?" አለ ሌላው።

"ማን? እኔ? ከፈለግሁ ፎጣውን እስከ በሩ ድረስ አስወጣዋለሁ።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው..."

"...አታስወጪም!"

ከሳጥኑ ጎን የአተር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። እምቢ ካየቻት ቆይታለች። ከጸጉሯ ላይ ፍርኬታዋን ነቀለች። ጫፉ ላይ ቀይ ጨሌ ያላት ፍርኬታ ናት። ወደ ቀዳዳዋ ከተተቻት። ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች። አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ከፍ አለ።

ጎተተች።

ቀጭ የለም።

እንደገና ጎተተች። ፎጣው መጣ። መጣ፣ መጣ፣ መጣ! መንትዮቹ በግራና በቀኝ ያዙላት። በሩን አለፉ። ኮሪደሩን ያዙ። ሌሎች ልጆች ከየክፍሉ ወጡ። ሐምራዊ እጅ፣ ጭቃ ጫማ፣ ሳቅ። አንዱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ንጉሥ ሆነ። አንዷ ሥሩ ገብታ ድንኳን ሠራች። እምቢ ከፊት ከፊት እየሮጠች "ማነው ቆይ የሚለኝ? ማነው?" ትል ነበር።

ጨርቁ የበሩ ማጠፊያ ላይ ተያዘና ትርርር አለ። ተቀደደ።

ወዲያው ከኮሪደሩ ጫፍ ሽርክክ፣ ሽርክክ የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ቁልፍ ናቸው! አዳራሹን የሚያጸዱ፣ የሚከፍቱና የሚዘጉ አሮጊት ናቸው። ከወገባቸው የቁልፍ ዘለላ ስለማይለይ ማንም በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም።

እምቢ ተመልሳ ፍርኬታዋን ከቀዳዳው መንጭቃ አወጣች። ፍርኬታዋ ግን አመለጠቻትና የፎጣው ክምር ውስጥ ገባች። ለመፈለግ ጊዜ የለም። ልጆቹ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አሉ። እሷ ግን ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ኋላ ተደበቀች።

*

እማማ ቁልፍ ፎጣውን አዩ። ዙሪያውን አዩ። ማንም የለም። "ወይ የዛሬ ልጆች!" አሉና ሳጥኑን በቁልፋቸው ከፍተው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ ያንን ሁሉ ጨርቅ ታችኛው ጥቅል ላይ ይጠቀልሉት ጀመር።

አስተዳዳሪው የደረሱት ይህን ጊዜ ነው። ያዩትም ይህን ነው፤ የተከፈተ ሳጥን፣ የተቀደደ ፎጣ፣ ቁልፉ ያለው በእማማ እጅ።

"ሳጥኑን ክፍት ትተውት ነበር ማለት ነው" አሉ አስተዳዳሪው።

"አልተውኩም። ስመጣ ተቆልፎ ነበር። አሁን ነው የከፈትኩት።"

"ተቆልፎ? ታዲያ ይህ ሁሉ ፎጣ በቁልፍ ቀዳዳ ሾልኮ ወጣ?"

"እኔ ምን አውቄ? ያየሁትን ነው የምናገረው።"

አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አልነበሩም። ቸኩለው ነበር። "ይኸውልዎ" አሉ፣ "ረስቼ ነው፣ ይቅርታ ይበሉና ይለፍ። ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ።"

"እምቢ" አሉ እማማ ቁልፍ።

ካፖርቶቹ መሃል ያለችው ልጅ የተጠራች መስሏት ክው አለች።

"ምን አሉ?"

"እምቢ አልኩ። ያጠፋሁ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ይቅርታ እላለሁ። ያላጠፋሁትን ግን አልፈርምም። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ልጀምር?"

"እንግዲያው እስከሚመጣው እሑድ ያስቡበት። ካልሆነ ቁልፉን ያስረክባሉ።"

ልጆች፣ ቁልፉን ማስረከብ ማለት ሥራውን ማጣት ነው። እማማ የሚኖሩባትን፣ ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን ክፍልም ማጣት ነው።

ከካፖርቶቹ እስከ አስተዳዳሪው አምስት እርምጃ ነው። ለእምቢ ሦስት ዝላይ። አልወጣችም። "እምቢ፣ አልወጣም" አለች በልቧ። ቃሉ ግን እንደ ወትሮው አልጣፈጣትም። የእማማን እምቢ ሰምታለችና የራሷ የልጅ መጫወቻ መሰላት።

*

ሰኞ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ነጭ ጨርቅ ታያት። ማክሰኞም።

ረቡዕ እናቷ ከሥራ ገባች። የእናቷ ሥራ ላውንደሪ ነው። ከየሱቁም፣ ከየክሊኒኩም፣ ከአዳራሹም ያደፈው ጥቅል ፎጣ ሁሉ እዚያ ይሄዳል። እናቷ ጥቅሉን ረጅም ጠረጴዛ ላይ ትተረትራለች፤ መብራት አብርታ ቀዳዳውንና እድፉን ትፈልጋለች፤ የተቀደደውን ትሰፋለች፤ ከዚያ ወደ ፈላ ውኃ።

እናቷ ካፖርቷን አላወለቀችም። እጇን ኪሷ ከትታ አንድ ነገር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ፍርኬታ። ጫፏ ላይ ቀይ ጨሌ አለባት። ጨሌዋን ያጣበቀችላት እናቷ ራሷ ናት።

"ከየት አመጣሽው?" አለች እምቢ።

"ሰማንያ ክንድ ፎጣ ስተረትር አገኘሁት።"

"ሳጥኑ... ሳጥኑ የዋጠውን..."

"ሳጥኑ የዋጠው የትም አይሄድም፣ ልጄ። እኔ እጅ ነው የሚመጣው። እኔ እኮ የእናንተን እጅ ሁሉ በየሳምንቱ አያለሁ። በሳሙና የታጠበውን አውቃለሁ። ውኃ አስነክቶ የመጣውንም አውቃለሁ። አፍንጫውን የጠረገበትንማ... ተይው። በዚህ ሳምንት ደግሞ ጫማ አየሁ። ንግሥ የነበረ ነው የሚመስለው።"

እምቢ ፍርኬታዋን በጣቷ ገፋ አደረገቻት።

"እማማ ቁልፍ ሊባረሩ ነው አሉ። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ለአስተዳዳሪው ትነግሪያለሽ?"

"እምቢ!"

እናቷ ትቆጣለች ብላ ጠበቀች። ጥርሷን ነክሳ፣ ጡጫዋን ጨብጣ ጠበቀች። እናቷ ግን "እሺ" ብቻ አለች። ካፖርቷን አወለቀች። ድንች ትልጥ ጀመር።

ልጆች፣ ግድግዳን መግፋት ይቻላል። ክፍት በርን ግን እንዴት ይገፉታል? እምቢ የምትገፋው ነገር አጣች። ፍርኬታዋ ጠረጴዛው ላይ ሐሙስ ዋለች። ዓርብ ዋለች። ቅዳሜም። እናቷ ጠረጴዛውን ስትወለውል ፍርኬታዋን አንስታ፣ ሥሯን ወልውላ፣ መልሳ እዚያው ታኖራታለች።

እሑድ ጠዋት ጠረጴዛው ባዶ ነበር። እምቢ ደረጃውን በእግሯ ወረደች። አሥራ ሰባቱንም፣ አንድ በአንድ።

*

መዝሙሩ አልቋል። ልጆቹ አግዳሚው ላይ ናቸው። አስተዳዳሪው ከፊት ቆመዋል። እማማ ቁልፍ በሩ አጠገብ ናቸው፤ የቁልፍ ዘለላው ከወገባቸው ወርዶ እጃቸው ላይ ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ" አሉ አስተዳዳሪው፣ "አዳራሹን የሚያጸዳ ሌላ ሰው..."

"እምቢ!"

ሰው ሁሉ ዞረ። እምቢ አግዳሚው ላይ ቆማለች።

"ቁጭ በይ፣ ልጄ።"

"እምቢ፣ አልቀመጥም።"

"አዋቂ ሲናገር..."

"አዋቂ ሲሳሳትስ?" አለች። "እማማ ክፍት አልተዉትም። ፎጣውን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። በዚህች።"

ፍርኬታዋን ከፍ አድርጋ አሳየች።

"በዚህች?" አስተዳዳሪው ፈገግ አሉ። "ይህች ልጅ አሮጊቷን ስለወደደች ነው..."

"ካላመኑኝ ይምጡ!"

መጡ። ሁሉም መጣ። መታጠቢያ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። እምቢ ፍርኬታዋን ቀዳዳዋ ውስጥ ከተተች። ወዲያ። ወዲህ። አልሆነም። ከኋላ አንዱ ሳቀ። እንደገና ሞከረች። ውስጥ ውስጡን ከፍ አለ። ጎተተች።

ፎጣው መጣ። መጣ፣ መጣ፣ የአስተዳዳሪው ጫማ ላይ ተከመረ። ሳጥኑ ግን እንደ ተቆለፈ ነው።

 ከዚያ እማማ ቁልፍ ሳቃቸውን ለቀቁት። "አይ እኔ! ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ብረት ተሸክሜ ስዞር፣ ለካ በአንዲት ፍርኬታ ይሸነፋል!"

አስተዳዳሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሬት መሬት እያዩ አንድ ነገር አጉተመተሙ።

"አልሰማሁም" አሉ እማማ ቁልፍ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። ሳላጣራ ፈረድኩብዎ።"

"አሁን ሰማሁ።" ዘለላውን ወገባቸው ላይ መለሱት። ሽርክክ አለ።

የቀረችው እምቢ ናት። "እማማ፣ ይቅርታ። ከካፖርቶቹ ኋላ ነበርኩ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ።"

እማማ ወደ እሷ ዞሩ። "መጎተትሽ ልጅነት ነው። ዝምታሽ ነው የጎዳኝ" አሉ። "በይ ነይ፣ ይህን ጠቅልይ። ደግሞ ያን ሰማንያ ክንድ ያጠብኩት እኔ አይደለሁም። ማን እንዳጠበችው ታውቂያለሽ፤ ሄደሽ አግዣት።"

"እኛም ጎትተናል" አለ አንደኛው መንትያ ቀስ ብሎ።

"...ግራና ቀኙን" አለ ሌላው።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ እምቢ ላውንደሪ ሄደች። የታጠበውን ፎጣ ለሳጥኑ መጠቅለል ነበረባት። ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ ሳጥኑን ያንቀዋል። የመጀመሪያው ጠመመ።

"ፍቺው" አለች እናቷ።

ፈታችው። ሁለተኛውም ጠመመ።

"ፍቺው።"

"እም..."

"ምን አልሽ?"

"እሺ አልኩ።"

ቀኑ ወደ ምሳ ሰዓት ሲጠጋ አንድ ቀጥ ያለ ጥቅል ወጣ። እናቷ መብራቱ ሥር አገላብጣ አየችው። "ይሄዳል" አለች። ከእናቷ አፍ "ይሄዳል" ማለት ትልቅ ነገር ነው።

በማግሥቱ እሑድ ብስክሌት ጠጋኙ መጥቶ የሳጥኑን ቀዳዳ በብሎን ደፈነው። እምቢ ግን ይህን አላወቀችም። እጇን ታጠበች። ሳበች። ሳጥኑ ቀጭ አለ። እጇ ገና እርጥብ ነው። ቆመች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

"ፍርኬታሽ የታለች?" አለ አንዱ መንትያ ከኋላ።

"...አንዴ ብቻ፣ ማንም አያይም!" አለ ሌላው።

"እምቢ" አለች፤ መቁጠሯንም ቀጠለች።

ልጆች፣ እምቢ ማለት የሚያምረው ለክፉ ነገርና ለሐሰት ነው፤ ራሳችን ባጠፋነው ነገር ግን ደፋር የሚባለው "እኔ ነኝ" ብሎ የሚቆም ነው።