ድምፅ የሌላት ወፍ

«እሱማ የሰርግ ነው!» አለች ጓደኛዋ ኡምሀኒ፣ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፍና። «ወፏ ልጇ ሞቶባት አንቺ ሙሽራ ልታስጨፍሪ ነው?»

አቻምየለሽ ክራሯን ጭኗ ላይ አጋደመችው። ከጠዋት ጀምሮ የምታውቀውን ዜማ ሁሉ ሞክራለች። የሰርጉን፣ የአጨዳውን፣ የጥምቀቱን። አንዱም ከወፏ ጋር አልሄድ አላት።

ጣሊያን ቡሬ ከገባ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ሰሞን ደግሞ የጣሊያኑ ሻምበል ሲኒማ የሚባል ነገር አምጥቶ፣ የኡምሀኒን አባት የጁማን የእህል መጋዘን ወስዶ፣ መስኮቱን በጆንያ አስደፍኖ፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ አሰቅሏል። አቡጀዲው ላይ በእጅ የተሳሉ አውሬዎችና ወፎች ይሮጣሉ፣ ይበርራሉ። ጉድ ነው! ብቻ የሲኒማው መኪና ድምፅ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዲዳ ሆኖ ነው የመጣው። ቅዳሜ ገበያተኛው ተነድቶ ገብቶ ማየቱ ስለማይቀር ሻምበሉ «ሙዚቃ ፈልጉልኝ» አለ። የአሥራ አምስት ዓመቷን አቻምየለሽን የጠቆመው አስተርጓሚው ሃይለ ሚካኤል ነው። ሰው ፊት ለፊት «አንቱ» ይለዋል፤ ዞር ሲል ግን ስሙን እንኳ በወጉ አይጠራውም።

ሌላው ክፍል አላስቸገራትም። ጦጣው ሲወድቅ ክሩን ቆንጠጥ፣ አህያዋ ስትሮጥ ፈጠን ማድረግ ነው። ያስቸገራት መጨረሻው ነው። ወፏ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ስትመለስ ጎርፍ ጎጆዋን ከነጫጩቷ ወስዶታል። ቅርንጫፉ ላይ ትቀመጣለች። ትነሳለች፣ ትዞራለች፣ ተመልሳ እዚያው ትቀመጣለች። አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ ግን የለም። አቻምየለሽ ይህን ባየች ቁጥር እናቷ ትታያታለች።

ክራር ያስተማራት ወንድሟ ይሄይስ ነበር። ኅዳር ላይ ደምበጫ አጠገብ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ ወደቀ። መርዶውን ያመጣው ሰው ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ነው የተመለሰው። ሬሳ የለም፣ ለቅሶም የለም። «ለሽፍታ ያለቀሰ ራሱ ሽፍታ ነው፤ ቤቱ ይቃጠላል!» ተብሎ በገበያ ታውጇል፤ አዋጁን በአማርኛ የጮኸውም ይኸው ሃይለ ሚካኤል ነው። እናቷ እህተ ማርያም ፀጉሯን አልተላጨችም፣ ልብሷን አላጠቆረችም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ገበዘ ማርያም ያለው አጎቱ ዘንድ ዳዊት ሊማር ሄዷል» ትላለች፣ ፈገግ ብላ። አርባውም እንዲሁ አለፈ። ያ ፈገግታ አቻምየለሽን ከማንኛውም ለቅሶ በላይ ያስፈራት ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ እናቷ ጓሮ ጌሾ ትወቅጣለች። አቻምየለሽ ልትጠራት ብላ ቆም አለች። ዘነዘናው ሁለቴ ይወድቅና ያርፋል። ሁለቴ ይወድቅና ያርፋል። ለቅሶ ቤት ደረት የሚደቃው እንዲህ ነው። እናቷ አፏን ዘግታ ታንጎራጉራለች፤ ቃል የለውም፣ ግን አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የምታወጣው ዜማ ነው። መሃል ላይ ስትደርስ ትውጠዋለች፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ትነሳለች።

«እምዬ?»

እናቷ ዘነዘናውን ለቀቀችው። «የጌሾው ብናኝ ነው፣ ጉሮሮዬን ይዞኝ» አለች። «ለቅዳሜ የሚሆንሽን ዜማ አገኘሽ?»

አቻምየለሽ ክራሯን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ማግኘቱንስ አግኝታለች።

ዓርብ ዕለት ሻምበሉ ልምምዱን ሊሰማ መጣ። ወፏ አቡጀዲው ላይ ስትወጣ አቻምየለሽ ያንኑ ዜማ ጀመረች። ሻምበሉ በቋንቋው «ቤሎ! ቤሎ!» እያለ፣ እያደነቀ ወጣ። አስተርጓሚው ግን ፊቱ ልውጥውጥ ብሎ ቀረ።

«ፈረንጁ አያውቀውም» አላት ጠጋ ብሎ። «እኔ ግን አውቀዋለሁ። የማን ለቅሶ እንደሆነም አላጣሁት።»

«ወፏ ብታዝን ነው፣ ጌታው።»

«ወፏን ተያት! ይህን ሰምቶ አርፎ የሚቀመጥ ጎጃሜ የለም። አንዷ ደረቷን ከመታች ሁሉም ይከተላል። ቀድማ የምትመታው ደግሞ እናትሽ ናት። ያን ጊዜ ቤታችሁን ማን ሊያተርፈው ነው? ሌላ ፈልጊ፣ ነግሬሻለሁ!»

ሲወጣ፣ ጆንያው ጥግ ሆና ስትሰማ የነበረችው ኡምሀኒ «ለወፍ ማልቀስም ተከለከለ እንዴ?» አለች። ሁለቱም አልሳቁም።

ቅዳሜ መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሻምበሉ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ አስተርጓሚው አጠገቡ ቆመ። እናቷ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ናት። ጦጣው ሲወድቅ ሰው ሁሉ ሳቀ። አህያዋን ሲያዩማ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተንከተከቱ። ከዚያ ወፏ መጣች።

አቻምየለሽ የአጨዳውን ዜማ ዝግ አድርጋ ጀመረች፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነው። ቤታቸውን ማስቃጠል አልፈለገችም። ቀና ስትል ግን እናቷን አየቻት። እናቷ ባዶውን ቅርንጫፍ እያየች ፈገግ ብላለች፤ ያንኑ ለጎረቤት የምታሳየውን ፈገግታ።

የአቻምየለሽ ጣቶች ቆሙ። የመኪናው መንኳኳት ብቻ ይሰማል። አንዱን ክር አላላችው፣ ሞከረችው፣ እንደገና አላላችው። ከዚያ ሙሾውን ጀመረች።

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዜማው ሁለተኛ ሲዞር የእናቷ እጅ ተነሳ። ደረቷን ሁለቴ መታች፣ አረፈች። ሁለቴ መታች፣ አረፈች። ከጎኗ ያለችው ተከተለች፣ ከኋላ ያሉትም ተከተሉ። መጋዘኑ ውስጥ ያልሞተበት ማን አለና! ሁሉም ሳያለቅሱለት የቀበሩት፣ ወይም ሳይቀብሩት የቀረ ሰው ነበራቸው። ወንዶቹ ተነስተው ቆሙ።

ሻምበሉ ደንግጦ ዞረና አስተርጓሚውን ጠየቀው። ሃይለ ሚካኤል እናቷን ረጅም ጊዜ ተመለከታት።

«ለወፏ ነው» አለ፣ በአማርኛ። ስህተቱ ቆይቶ ገባውና በጣሊያንኛ ደገመው።

ሻምበሉ ፊቱ በራ። ሲኒማው ሕዝቡን ማስለቀሱ አኩርቶት አጨበጨበ።

ስዕሉ አለቀ። አቡጀዲው ነጭ ሆነ፤ ወፍ የለም፣ ቅርንጫፍ የለም። ሻምበሉ ከወንበሩ ተነስቶ «በቃ» ለማለት እጁን አወዛወዘ። አስተርጓሚው አቻምየለሽ ላይ አፈጠጠባት፤ ከእንግዲህ የሚያመካኝበት ወፍ የለውም።

እናቷ ግን ገና መጀመሯ ነው። «ይሄ… ይሄ…» ትላለች፣ የልጇን ስም መጨረስ አቅቷት።

አቻምየለሽ ነጩን አቡጀዲ አየች፣ የሻምበሉን እጅ አየች። ዜማውን ከመጀመሪያው አነሳችው።